ኤንኤችኤል ሳልደርስ 11 ዓመት በሆኪ ኖርኩ

11 ዓመት ሙሉ ደሞዜን ያገኘሁት ከበረዶ ሆኪ ነው። የሰሜን አሜሪካ ትልቁ ሊግ በሆነው ኤንኤችኤል ውስጥ ግን አንድም ጨዋታ አልተሰለፍኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። ልጃቸው ሆኪ የሚጫወት ወላጆች ሲያገኙኝ «ኤንኤችኤል ይደርስ ይሆን?» ይሉኛል። «ካልደረሰስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን ሁለት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሙያዬን በሙሉ ያሳለፍኩት እዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ቁጥሩን እዩት። ኤንኤችኤል 32 ክለቦች አሉት። አንድ ክለብ በውድድር ዘመኑ የሚይዘው እስከ 23 ተጫዋች ነው። ሲባዛ 736 ቦታ ይሆናል። ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከቼክ የሚመጣው ሁሉ የሚሻማው ለእነዚህ ቦታዎች ነው። ከዚያ በታች ግን ሰፊ ዓለም አለ። ኤኤችኤል የሚባለው ሁለተኛው ሊግ አለ። ከእሱ ስር ኢሲኤችኤል አለ። ከባሕር ማዶ የአውሮፓ ሊጎች አሉ። በሆኪ የሚተዳደር ሰው አብዛኛው ያለው እዚህ ነው። እኔ ስገባበት እንዴት እንደሚሠራ የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በረዶ ላይ የወጣሁት በ8 ዓመቴ ነው። ካናዳ ውስጥ ይሄ ዘግይቶ እንደ መጀመር ይቆጠራል። አብረውኝ የነበሩት ልጆች በ4 እና በ5 ዓመታቸው የጀመሩ ናቸው። ወላጆቼ ስለ ጨዋታው ምንም አያውቁም ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ «አደራ እንዳትወድቅ» ስትለኝ ከረመች። አሰልጣኙ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን መውደቅን ነበር። ወድቆ መነሳት። እንደገና ወድቆ መነሳት። ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልሠራንም።

ብዙ ወላጅ ገንዘቡን ዱላ ላይ ያፈሳል። ጥሩ የሚባለው የካርቦን ዱላ ከ300 የካናዳ ዶላር በላይ ነው። በአንድ ጠንካራ ምት ሊሰበር ይችላል። ለትንሽ ልጅ ይህን ያህል ማውጣት አያስፈልግም። ገንዘባችሁን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማው ላይ አውሉት። አዲስ መሆን የለበትም፣ ብቻ እግሩን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ። «ያድግበታል» ብላችሁ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ እንዳትገዙ። ቁርጭምጭሚቱ ጫማው ውስጥ ከዋለለ ልጁ ጠርዝን አይማርም።

ጠርዝ ምን መሰላችሁ? የጫማው ምላጭ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከስሩ ገልብጣችሁ ብታዩት መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ስለዚህ አንዱ ምላጭ ሁለት ጠርዝ አለው፣ የውስጥና የውጭ። ሆኪ ላይ ማቆሙም፣ መታጠፉም፣ ወደ ኋላ መሄዱም በእነዚህ ጠርዞች ነው የሚሠራው። ጎድጓዳው ጠለቅ ሲል ምላጩ በረዶውን ይነክሳል፣ ለመንሸራተት ግን ይከብዳል። ሳሳ ሲል ይፈጥናል፣ መታጠፉ ላይ ግን ያዳልጣል። ልክ የሆነው እንደ ልጁ ክብደትና እንደሚንሸራተትበት መንገድ ይለያያል። እኔ እስከ 17 ዓመቴ ይህን አላውቅም ነበር። የሚስለው ሰው ደስ እንዳለው ይስልልኝ ነበር። አንድ ቀን የቡድናችን የትጥቅ ኃላፊ ጫማዬን አየና «በዚህ ነው ስትጫወት የኖርከው?» አለኝ። ቀይሮ ሳለልኝ። በሳምንቱ በግራ በኩል መዞር የሚያቅተኝ ነገር ጠፋ። ዓመታት ሙሉ ድክመቴ መስሎኝ የነበረው የምላጩ ጣጣ ነበር።

በ15 ዓመቴ የዌስተርን ሆኪ ሊግ ክለብ በታዳጊዎች ድራፍት (ክለቦች ተራ በተራ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት) መረጠኝ። ይህ ካናዳ ውስጥ ካሉት ሦስት ትልልቅ የወጣቶች ሊጎች አንዱ ነው። ሌሎቹ የኦንታሪዮና የኩቤክ ናቸው። የሚጫወቱት በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። በ16 ዓመቴ ከቤት ወጣሁ። ክለቡ የሚያኖርህ ከዚያ በፊት አይተኸው የማታውቀው ቤተሰብ ጋር ነው። ቢሌት ይባላሉ። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። ያኖሩኝ ባልና ሚስት እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ዕድለኛ ያልሆኑም አሉ። ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ ቤቱን እዩ። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ራት ብሉ። ክለቡ ይህን ስትጠይቁ ቅር ካለው ያ ራሱ መልስ ነው።

ሊጉ አራት የካናዳ ክፍለ ግዛቶችን ይይዛል። የአሜሪካዎቹ ዋሽንግተንና ኦሪጎንም ይጨመሩበታል። አውቶቡሱ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ትምህርት ቤት መግባት የተለመደ ነው። ትምህርት የሚላላው በዚህ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት በግልጽ ልናገር። በሊጉ ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ይያዝልሃል። አራት ዓመት ተጫወትኩ። አራት ዓመት ትምህርት ተጠራቀመልኝ። ውሌ ላይ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። እኔ ያንን ገጽ አላነበብኩትም። ወላጆቼም አላነበቡትም። ወኪሌ ያውቅ ነበር፣ አልነገረኝም። ከተማሪነት ይልቅ ከተጫዋችነት ነው እሱ ኮሚሽን የሚያገኘው። ጊዜው አለፈ። ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። የትምህርቱ ክፍያ መቼ ይጀምራል? መቼ ይቋረጣል? የፕሮፌሽናል ውል ከፈረመ ይቀራል ወይስ ይቆያል? እነዚህን ሦስቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

በኔ ጊዜ ሌላም አጥር ነበር። በእነዚህ ሊጎች አንድ ጊዜ የተጫወተ ልጅ እንደ ፕሮፌሽናል ስለሚቆጠር ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መጫወት አይችልም ነበር። በ15 እና በ16 ዓመትህ አንዱን መንገድ መርጠህ ሌላውን ትዘጋለህ። ይሄ ተቀይሯል። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በኅዳር 2024 ደንቡን ቀየረ። ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከካናዳ የወጣቶች ሊግ የመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጫወት ይችላል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የማያውቁ ወላጆች ዛሬም ያጋጥሙኛል። ልጃቸው በ20 ዓመቱ ውል ካላገኘ ሁሉም ነገር ያበቃለት ይመስላቸዋል። አላበቃም። አራት ዓመት እየተማረ ሊያድግ ይችላል። ተከላካዮች ደግሞ ቀስ ብለን ነው የምንበስለው።

የኤንኤችኤል ድራፍት 7 ዙር ነው። ዛሬ በየዓመቱ 224 ገደማ ስም ይጠራል። በ18 ዓመቴ ስሜ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። አልተጠራም። በ19ም አልተጠራም። በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ማንም ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ጠፋ። እንዲህ የሆነበት ልጅ ካላችሁ የማርክ ጆርዳኖን ታሪክ ንገሩት። ጆርዳኖን በድራፍት የመረጠው ክለብ የለም። ካልጋሪ ፍሌምስ ያለ ድራፍት አስፈረመው። ታችኛው ሊግ ቆየ። በመሃል አንድ ዓመት ሩሲያ ሄዶ ለዳይናሞ ሞስኮ ተጫወተ። ተመልሶ የካልጋሪ አምበል ሆነ። በ2019 በ35 ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስን ዋንጫ ወሰደ። ማርቲን ሴንት ሉዊስም አልተመረጠም ነበር። አጭር ነው ተብሎ። በ2004 የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፣ ከታምፓ ቤይ ጋር ስታንሊ ካፕን አነሳ። እነዚህ ሁለቱ እንደ እነሱ የሚሆን ሰው ብዙ ስለሆነ አይደለም የማነሳቸው። የድራፍት ቀን የ18 ዓመት ልጅ ላይ የሚሰጥ ግምት መሆኑን ስለሚያሳዩ ነው።

እኔ በ20 ዓመቴ ያገኘሁት የኤኤችኤል ውል ነው። እዚህ ላይ ውሎች እንዴት እንደሚለያዩ ማወቅ አለባችሁ። የኤንኤችኤል ክለብ የሚያስፈርመው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደሞዝ የተጻፈበት ውል ነው የሚይዘው። ላይ ሲሆን የሚከፈለው አንድ፣ ታች ሲሆን የሚከፈለው ሌላ። በ2023-24 የኤንኤችኤል ዝቅተኛው ዓመታዊ ደሞዝ 775,000 ዶላር ነበር። የሚታሰበው በቀን ነው። በቀን ወደ 4,000 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ ለስድስት ቀን ላይ ከተጠራ የሚያገኘው የስድስት ቀኑን ነው። «ኤንኤችኤል ፈረመ» ሲባል ሚሊየነር ሆነ ማለት አይደለም። የኔ ዓይነቱ ውል ደግሞ ከላይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ወደ ታች ግን በር አለው። ክለቡ ሲፈልግ ወደ ኢሲኤችኤል ይልክሃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ሁልጊዜ ጠዋት ነው የሚነግሩህ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኙ ቢሮ ትጠራለህ። ንግግሩ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ዕቃህን በጥቁር ቦርሳ ይዘህ ትወጣለህ። ኢሲኤችኤል ደሞዙ ሳምንታዊ ነው፣ መኖሪያ ቤት ክለቡ ይሰጣል። ውድድሩ ሲያልቅ ደሞዙም ያልቃል። በጋውን በራስህ ነህ። እኔ በጋ በጋ ሕፃናትን በረዶ ላይ መንሸራተት አስተምር ነበር፣ ዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ውስጥም ሠርቻለሁ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ካገኘኸው ለበጋው ካላስቀመጥክ ሰኔ ላይ ትቸገራለህ። በየሳምንቱ ክፍያ በገባ ቀን አንድ አራተኛውን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አስገባ ነበር። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልማድ ይሄ ነው።

ስለ ጨዋታው ራሱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ቦታ ያገኘሁት በአንድ ነገር ነው። ሆኪ ላይ አንድ ተራ ማለት ከ40 እስከ 45 ሴኮንድ ነው። ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ፣ ትቀየራለህ፣ ትንፋሽ ትሰበስባለህ፣ ትመለሳለህ። አንድ ደቂቃ ከቆየህ እግርህ ይከዳሃል። ብዙ ጎል የሚገባው ተራውን ባስረዘመ ሰው ላይ ነው። እኔ በወጣቶች ሊግ ጎል የማገባ ተከላካይ ነበርኩ። እዚህ ግን ጎል የሚያገባ ተከላካይ ሞልቷል። ሁለተኛ ጊዜ ስወርድ የታችኛው ክለብ አሰልጣኝ አስቀመጠኝ። «ፓክ (በዱላ የምንመታው ጎማ) ይዘህ ስትወጣ ደስ ይላል» አለኝ። «እዚህ ሊግ ላይ የሚፈለገው ግን እሱ አይደለም። አንድ ሰው ተቀጥቶብን ለሁለት ደቂቃ በአራት ስንጫወት ማንን ላስገባ? ያ ሰው ሁን።»

ሆንኩ። በዚያ ዓመት ከልምምድ በኋላ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ምት መከልከልን ተለማመድኩ። ፓክ ማለት ወደ 165 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው። ከጨዋታ በፊት እንዳይነጥር ይቀዘቅዛል። ሲመታህ ታውቀዋለህ። የሚያድንህ ፊትህን ወደ ምቱ ማዞርህ ነው። ፈርተህ ጀርባህን ከሰጠህ መከላከያ የሌለበት ቦታ ያገኝሃል። ትጥቃችን የተሠራው ከፊት ለሚመጣ ነው። በአንድ ጉልበት ተንበርከክ፣ ዱላህን ፓክ በሚተላለፍበት መስመር ላይ ዘርጋ፣ ዓይንህን አትጨፍን። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኤኤችኤል ስጠራ የጠሩኝ ለዚህ ሥራ ብቻ ነው። ልጆች ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው። አሰልጣኙ በጭንቀት ሰዓት አንተን የሚያስታውስበት አንድ ሥራ ይኑርህ። ያንን ለማወቅ ደግሞ አሰልጣኙን ቀጥታ ጠይቀው። እኔ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ፣ አንድ ዓመት ባከነብኝ።

አውቶቡሱን መርሳት የለብኝም። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ጨዋታ በሦስት ቀን፣ በሦስት ከተማ እንጫወት ነበር። ከጨዋታ በኋላ ላብህ ሳይደርቅ ትሳፈራለህ። ሌሊቱን ትሄዳለህ። እንቅልፍ የሚያስፈልገው ለጉልበት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለዓይንም ነው። እሑድ ማታ ፓክ ሲመጣ ትንሽ ዘግይተህ ታየዋለህ። ያቺ መዘግየት ናት የምታስጎዳው። የጆሮ መድፈኛ፣ የዓይን መሸፈኛና የራስህን ትራስ ይዘህ ሂድ። ከጨዋታ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ብላ። ስልኩን አጥፋው።

ጡጫን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ሆኪ የተደባደበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ይቀጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። እኔም ተደባድቤያለሁ። ግዙፍ ስለነበርኩ ብዙ ሰው የምፈልገው መስሎት ነበር። ልጃችሁን አንድ አሰልጣኝ «በጡጫህ ቦታ ታገኛለህ» ካለው ሌላ ክለብ ፈልጉ። በኤንኤችኤል በጡጫው የታወቀው ዴሪክ ቡጋርድ በ2011 በ28 ዓመቱ ነው የሞተው። አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የሚባለው ጉዳት ተገኘበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

በአራተኛው ዓመቴ፣ ጥር ላይ፣ ከጎላችን ጀርባ ፓክ ለማውጣት ጎንበስ አልኩ። ከኋላ ተገፋሁ። ጭንቅላቴ ከሜዳው አጥር ጋር ተጋጨ። ወዲያው ተነሳሁ። ተራዬን ጨርሼ ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ የአዳራሹ መብራት ድምፅ ያለው መሰለኝ። ወጌሻው መጥቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት።

የዋሸሁት ምክንያት ነበረኝ። ወደ ኤኤችኤል ከተጠራሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ቦታው የተገኘው ሌላ ተከላካይ ስለተጎዳ ነው። እኔም ተጎዳሁ ካልኩ በማግስቱ ሌላ ሰው ይጠራል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ከዚህም የባሰ ነገር አድርጌያለሁ። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም በኮምፒውተር የአንጎል ፈተና እንወስዳለን። ቃላት ማስታወስ፣ ቅርጽ መለየት፣ ቶሎ መመለስ። ውጤቱ ይቀመጣል። በኋላ ጭንቅላትህን ከተመታህ ያንኑ ፈተና ትወስድና ከመነሻው ጋር ይነጻጸራል። እኔ የመነሻውን ፈተና ሆን ብዬ እየዘገየሁና እየሳትኩ ነበር የሠራሁት። አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ተጫዋች ነው የመከረኝ። መነሻህ ዝቅ ካለ ተመትተህም ታልፋለህ አለኝ። እውነትም አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ተሰለፍኩ።

ሁለተኛው ግጭት ቀላል ነበር። ትከሻ ለትከሻ። በጤናዬ ብሆን ልብ የማልለው። እዚያው ተንበረከኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምሽት አላስታውሰውም።

አምስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ገጽ ማንበብ አልችልም ነበር። መስመሩ ይጠፋብኛል። ምድጃ ፊት ቆሜ ለምን እንደመጣሁ እረሳለሁ። እናቴ ስትደውል ስልኩን አላነሳም ነበር፣ ድምፅ ስለሚያመኝ። እሷ የተቀየምኳት መስሏት ከረመች። ያኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንድተኛ ነበር የተመከርኩት። ሳምንታት እንደዚያ አለፉ። ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩት ሌላ ነው። አንድ ሁለት ቀን ረፍት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ። መጀመሪያ መራመድ ወይም የቆመ ብስክሌት። ቀጥሎ ብቻህን በረዶ ላይ። ቀጥሎ ግጭት የሌለበት ልምምድ። ሐኪም ፈርሞ ከለቀቀህ በኋላ ግጭት ያለበት ልምምድ። መጨረሻ ላይ ጨዋታ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ትቆያለህ። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። በተመታህበት ቀን ግን ወደ ሜዳ መመለስ ፈጽሞ የለም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እጅ እግሩ ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከመጠን በላይ እንቅልፍ ከያዘው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለወላጆች ደግሞ ይህን ልጨምር። ልጃችሁ «ደህና ነኝ» ሊላችሁ ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ከጨዋታ በኋላ መኪና ውስጥ እዩት። ሁልጊዜ ሙዚቃ የሚከፍት ልጅ ዛሬ ካጠፋ፣ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ፀሐዩ ካስመረረው፣ ጠይቁት። ከአሰልጣኙ በፊት ልታውቁ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። «ብትነግረኝ ቦታህን ብታጣም እኔ አልቆጣህም» በሉት። ይህን ከመጎዳቱ በፊት ነው መስማት ያለበት።

ስለ አንገት መከላከያም ዝም ማለት አልችልም። በጥቅምት 28 ቀን 2023 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሼፊልድ ላይ፣ አዳም ጆንሰን የሚባል የኖቲንግሃም ፓንተርስ ተጫዋች አንገቱን በበረዶ ጫማ ምላጭ ተቆርጦ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ቀደም ሲል ለፒትስበርግ ፔንጉዊንስ ኤንኤችኤል ውስጥ ተጫውቷል። እኔ ያኔ ጀርመን የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ዜናው ሲመጣ መልበሻ ክፍላችን ውስጥ ድምፅ ጠፋ። በሳምንቱ መከላከያውን አደረግኩ። ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ በአስር ቀን ግን ትረሳዋለህ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። ሊጋችሁ ባያስገድድም ልጃችሁ ያድርግ።

ቆዳዬ ጥቁር ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ይህ ይታያል። ሰድበውኛል፣ ሜዳ ላይም፣ ከተመልካች በኩልም። ወጣት ሳለሁ ዝም አልኩ። በኋላ የተማርኩት ነገር ወዲያውኑ፣ እዚያው፣ ለዳኛው መናገርን ነው። የተጫዋቹን ቁጥርና የተባለውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረው። ከጨዋታ በኋላም ጻፈው። በማግስቱ ሲጠየቅ ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው። ዊሊ ኦሪ በጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ የመጀመሪያው ጥቁር የኤንኤችኤል ተጫዋች ሲሆን ቀኝ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር። ቀደም ብሎ ፓክ መትቶት ነው። ክለቡ ቢያውቅ እንደማያሰልፈው ስላወቀ ደበቀው። ስለ እሱ ሳስብ ሁለት ስሜት ነው የሚሰማኝ። ጽናቱ ያኮራኛል። መደበቅ ባይኖርበት ብዬም አዝናለሁ። እኔም የደበቅኩት ነገር ነበርና።

ልጃችሁ ሴት ከሆነች የዛሬው ጊዜ ከኔ ጊዜ የተሻለ ነው። የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል፣ በጥር 2024 በስድስት ቡድኖች ተጀምሯል። ከኔ ጋር በአንድ ሜዳ የተለማመዱ ጎበዝ ሴቶች የሚከፍላቸው አጥተው በ22 ዓመታቸው አቁመዋል።

በ26 ዓመቴ ወደ ጀርመን ሄድኩ፣ ሁለተኛው ዲቪዚዮን። አንዳንዶች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል። ለኔ ግን የተረጋጋሁበት ጊዜ ነበር። ጨዋታው በአብዛኛው በሳምንት ሁለቴ ነው። ማታ አልጋህ ላይ ትተኛለህ። የሜዳው ስፋት እዚያ 30 ሜትር ነው፣ ሰሜን አሜሪካ 26 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ለተከላካይ ግን ሁሉን ነገር ይቀይራል። አጥቂውን አሳድደህ ወደ አጥር ከወጣህ መሃሉ ባዶ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየጨዋታው ተሳስቻለሁ። መሃል ላይ ቆሞ መጠበቅን እስክማር።

የውጭ ተጫዋች ቦታ በቁጥር የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሁለት ጨዋታ ከበላሸብህ ወኪሎች ሌላ ሰው እያቀረቡ ነው። ውል ስትፈርም እነዚህን አጣራ። ደሞዙ ታክስ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ? ቤትና መኪና ይጨምራል? የመኪናውን ኢንሹራንስ ማን ይከፍላል? ብጎዳ ደሞዜ ይቀጥላል? የቤተሰቤስ ሕክምና? አንድ ክለብ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ደሞዜን አልከፈለኝም። በቃል «ይመጣል» እያሉ ውድድሩ አለቀ። ወደ ቤቴ ከበረርኩ በኋላ መከራከር ከባድ ነበር። ግማሹን ከስምንት ወር በኋላ አገኘሁ። የዘገየ ደሞዝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው በጽሑፍ የሚጠየቀው።

ጀርመን ሳለሁ በርቀት ትምህርት ጀመርኩ። በሰሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ። ከጭንቅላቴ ጉዳት በኋላ ማንበብ እንደ አዲስ ነው የተለማመድኩት፣ ስለዚህ ቀስ አልኩ። ክፍያውን ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ያቺ ያላነበብኳት ገጽ ምክንያት። ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ከታዳጊ ተከላካዮች ጋር በረዶ ላይ ነኝ። የመነሻውን የአንጎል ፈተና ሲወስዱ አብሬ እቀመጣለሁ። ምን አድርጌ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ ያኔ እነሱም አስበውት እንደነበር አውቃለሁ።

የመጨረሻ ጨዋታዬ መጋቢት ላይ ነበር። ተሸነፍን፣ ውድድሩም በዚያው አበቃ። ዕቃዬን ስሰበስብ የትጥቅ ኃላፊያችን ጫማዬን ይዞ መጣ። ስሎታል። ሌላ ጨዋታ እንደሌለኝ ያውቃል። «ለልጆቹ» አለኝ። በበጋ ሕፃናት እንደማስተምር አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር። ያንን ጫማ ነው እስከ ዛሬ የማደርገው።